ከአንድ እስከ ዘጠና ዘጠኝ

ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 12 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ እንዳላማው፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ አምላክ ይክበር ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን። ጥምቀትን በሰላም ውለናል። አባትህ አጎቴ መሪጌታም ከዲማ መጥተው እኔ ዘንድ ሰንብተዋል። ጉሮሯቸው እንደምታውቀው ነው። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ድምፅ የሚባል አልወጣቸውም። ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ የሚናገሩትን በጠመኔ ይጽፋሉ። ስንስቅባቸው «ዝም ያልኩት እናንተን ላዳምጥ ነው» ብለው ጽፈው ያሳዩናል።

የምጽፍልህ ለአንድ ጉዳይ ነው። እኔ አሁንም በኮሌጁ የኮምፒዩተር ክፍል እሠራለሁ። ባለፈው ወር ኢንተርኔቱ ደህና በሆነበት ቀን «ዲማ» ብዬ ብፈልግ፣ የአንድ የአውሮፓ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ወጣ። በ1965 ዓ.ም. አንድ ፈረንጅ አጥኚ ዲማ ተቀምጦ በቴፕ የቀዳው ዜማ ነው። ሁለት መቶ አርባ ቅጂ አለው። ከመሃል አንዱን፣ ቁጥር 112ን፣ ከፈትኩ። አንድ ወጣት ጾመ ድጓ ይላል። ሲጨርስ ፈረንጁ በተሰባበረ አማርኛ ስሙን ይጠይቀዋል። «ዲያቆን ወልደ ሩፋኤል» ይላል ልጁ። ጋሼ፣ አባትህ ናቸው!

ይህንን ለአጎቴ ስነግራቸው ጠመኔው ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ የጻፉት ስለ ራሳቸው አይደለም። «መምህር አወቀስ?» ነው ያሉት። ያስተማሯቸው መምህር ናቸው። ከሞቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ፎቶግራፍ እንኳ አልተዉም። ገጹ ላይ እንደ ተጻፈው ከቁጥር 1 እስከ 94 ያለው የመምህር አወቀ ድምፅ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አባትህ የመምህሩን ዜማ ተቀብለው በፊታቸው ሲቀጽሉ፣ ማለትም ደግመው ሲያሰሙ ነው።

ችግሩ ይህ ነው። ድረ ገጹ በፈረንጆች ጁን 30፣ በእኛ ሰኔ 23 ቀን ይዘጋል ይላል። እዚህ አንዱን ቅጂ ለማውረድ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ መሃል ላይም ይቆረጣል። ሁለት መቶ አርባ ጊዜ እየተጫንኩ ልቀመጥ ብል ከሥራዬ እባረራለሁ። አንተ ያለህበት አገር መስመሩ ፈጣን ነው ይባላል፤ ሥራህም ኮምፒዩተር ነው። በአንድ ቀን አውርደህ በሲዲ ብትልክልን አጎቴ የመምህራቸውን ድምፅ ሳይሰሙ አይሞቱም። የድረ ገጹን አድራሻ ከታች ጽፌልሃለሁ። የቁጥር 112 አድራሻ መጨረሻው 112.mp3 ነው። የእኔንም ኢሜይል ጨምሬአለሁ፤ ደብዳቤ ይዘገያል።

ታናሽ እኅትህ ያለምወርቅ


ቤልጂየም፣ የካቲት 20 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለምወድሽ እኅቴ ለያለምወርቅ፣

የጽሑፍሽን መልክ ሳይ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱንም ለምጄዋለሁ። የአባቴን እጅ ሳሚልኝ።

ደብዳቤሽን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። እኔ ከማወርደው ግን አንቺ ብታወርጂው ይሻላል። እዚያው ከእናንተ ዘንድ ይቀመጣል፤ በመንገድም አይጠፋም። አንድ በአንድ መጫን አያስፈልግሽም። ክፍሉ ውስጥ ሊነክስ የተጫነበት አንድ ኮምፒዩተር እንዳለ ነግረሽኝ ነበር። እሱ ያለ ሰው ይሠራዋል።

አባቴ እንዲገባቸው እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው። በጸሎት አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ ስንል አውራ ጣታችን በጣቶቻችን አንጓ ላይ ይሄዳል። ቃሉ አይለወጥም፤ የሚለወጠው አንጓው ነው። አንጓው ሲያልቅ እናቆማለን። ኮምፒዩተሩም እንዲሁ ነው። አንድ ትእዛዝ ይሰጠዋል፤ እሱ ቁጥሩን ብቻ እየለወጠ እስኪያልቅ ይደጋግመዋል። በመጀመሪያ A= ብለሽ የድረ ገጹን አድራሻ፣ ቁጥሩ ሲቀር፣ ጻፊ። ቀጥለሽ ይህንን እንዳለ ጻፊው፤

for i in $(seq 1 240)
do
wget -O $i.mp3 $A/$i.mp3
done

i የምትለዋ አውራ ጣትሽ ናት። የመጀመሪያው መስመር ከ1 እስከ 240 ቁጠር ይላል። ሦስተኛው፣ በደረስክበት ቁጥር ያለውን ቅጂ አምጣና በዚያው ቁጥር ስም አስቀምጥ ይላል። የመጨረሻው መስመር የሚደጋገመው እዚህ ላይ ያበቃል ማለት ነው። መብራት ቢጠፋብሽ 1 ባለበት ያቆመበትን ቁጥር ተኪና እንደገና አስጀምሪው።

ኢሜይል ያልጻፍኩልሽ ለእናንተ በእጄ መጻፍ ስለምወድ ነው።

ወንድምሽ እንዳላማው


ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 17 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ እንዳላማው፣

ባለህበት ጠባቂህ አይለይህ። እኛ ደህና ነን። መልሴ የዘገየው ኮምፒዩተሩ ተበላሽቶ ስለነበር ነው። የክፍሉ ኃላፊ አቶ መሳፍንት ዕቃውን ከአዲስ አበባ እስኪያስመጣ ፋሲካ አለፈ።

ደስ ይበልህ፣ ተፈጽሟል! ዓርብ ከሥራ ስንወጣ ያንን አራት መስመር ጽፌ አስጀመርኩት። አቶ መሳፍንት ከኋላዬ ቆሞ፣ «ያለምወርቅ ኮምፒዩተሩን ማኅሌት ልታስቆመው ነው» እያለ ሠራተኛውን ሁሉ አሳቀብኝ። ጋሼ፣ የመጀመሪያዎቹ መቶ ያህሉ እንደ ነፋስ ነው ያለፉት። ጽሑፉ እየተንከባለለ ሲወጣ ዓይኔ ሊከተለው አልቻለም። ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም። መስመሩ ለመምህር አወቀ ሲል የተባረከ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ወደ ጥንቱ ተመለሰና አንዱን በሃያ ደቂቃ ማምጣት ጀመረ። ቅዳሜ ሁለት ጊዜ መብራት ጠፋ፤ አንዴ ከ143፣ አንዴ ከ160 አስጀመርኩት። ደግነቱ ክፍሉን እሑድም እንድከፍት ፈቅደውልኛል። ዛሬ ሰኞ ጠዋት ስገባ ጨርሶ ቆሟል። ፋይሎቹን አስቆጠርኩት፤ ሁለት መቶ አርባ፣ አንድ አልጎደለም።

አንዱንም አልከፈትኩም። አጎቴ ናቸው የከለከሉኝ። የመምህርን ቃል ተማሪው ሳይሰማው ሌላ ሰው አይሰማውም ብለዋል። ትምህርት ቤታቸው እንዲያ ነበር አሉ፤ መምህሩ አዲስ ዜማ ሲሰጥ ተረኛው ተማሪ ብቻ ይቀርባል፣ ሌላው ርቆ ይቆያል። አሁን የሐዋርያትን ጾም በሱባኤ ሊያሳልፉ ጠበል ቦታ ሊሄዱ ነው። ሐምሌ 5 ቀን መጥተው ይሰማሉ። ያንተን የጣት አንጓ ነገር ሳስረዳቸው ሰሌዳቸው ላይ፣ «ይህ ማሽን እግዚኦታውን ሳያዛባ ከቆጠረ፣ ከኛ ከካህናቱ ይሻላል» ብለው ጻፉ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የደብዳቤህ ወረቀት ጀርባው ላይ በፈረንጅ ቋንቋ የሳምንት የምግብ ዝርዝር ታትሟል። ሆቴል ነው እንዴ የምትሠራው? ፖስታውም ተከፍቶ እንደገና በፕላስተር ታሽጎ ነው የደረሰኝ።

ያለምወርቅ


ቤልጂየም፣ ሰኔ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.

እኅቴ ያለምወርቅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዛሬ ነው። አድራሻ ቀይሬ ስለነበር ሲከተለኝ ቆይቷል። ስለ ወረቀቱ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ይህ እንደ ደረሰሽ ሳትቀመጪ ወደ ክፍሉ ሂጂ። የፋይሎቹን ብዛት ሳይሆን መጠናቸውን እዪ። ls -l ብለሽ ስትጽፊ ከእያንዳንዱ ስም በፊት መጠኑ ይወጣል። ዜሮ የሚል ካለ ባዶ ነው። ያ ትእዛዝ ፋይሉን ድረ ገጹ ላይ ባያገኘውም በስሙ ባዶ ፋይል ይፈጥራል። መቶ ቅጂ በሩብ ሰዓት ሊወርድ አይችልም። ምናልባት እዚያ ያለው ስም 1 ሳይሆን 001 ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ከseq ቀጥሎ -w ጨምሪ፤ ዜሮዎቹን እሷ ትሞላለች። ከሰኔ 23 በፊት እንደገና አውርጂው።

አባቴን አትጠብቂ። ክፈቺና ስሚ። ቢቆጡ እኔ እመልስላቸዋለሁ።

ወደ ኮሌጁ አምስት ጊዜ ደውያለሁ። ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም።

እንዳላማው


ደብረ ማርቆስ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ እንዳላማው፣

ሰላምና ጤና ከአንተ ጋር ይሁን። ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሁሉም ደህና ነው። አጎቴ መጥተው ሰምተዋል፤ መርቀውሃል። ክረምቱ ዘንድሮ በርትቷል፣ የዲማ መንገድ በጭቃ ተዘግቷል። ስለ ቅጂዎቹ አታስብ።

ያለምወርቅ


ቤልጂየም፣ መስከረም 14 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለያለምወርቅ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ። ለአባቴም እንዲሁ በይልኝ።

ያለፈው ደብዳቤሽ ስድስት ዓረፍተ ነገር ነው። አንቺ ስለ አንድ ዶሮ ሁለት ገጽ የምትጽፊ ሰው ነሽ። እኔ ማወቅ የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር፤ የቁጥር 1 መጠን ስንት ነው? እሱን አልመለስሽልኝም።

አንቺ እንድትነግሪኝ መጀመሪያ እኔ ልንገርሽ። ያለሁት የውጭ ሰዎች ከአገር ከመባረራቸው በፊት በሚቆዩበት ዝግ ግቢ ውስጥ ነው። ካለፈው ዓመት ኅዳር ጀምሮ እዚህ ነኝ። በሰኔ የቀየርኩት አድራሻ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ስላዛወሩኝ ነው። የመኖሪያ ጥያቄዬ ሁለት ጊዜ ውድቅ ሆኗል። የኮምፒዩተር ሥራ የሚባለው ድሮም አልነበረም፤ ሦስት ዓመት ሳጥን ስጭን ነበር። እዚህ ኢንተርኔት የለም። ስልክ በካርድ ነው፤ ባይነሳም ይቆጥራልና የነበረኝን ካርድ በእነዚያ አምስት ጥሪዎች ጨረስኩት። ወረቀት ስለሌለኝ ካለፈው ሳምንት የምግብ ዝርዝር ጀርባ ላይ እጽፋለሁ።

ለምን አንተ አታወርደውም ስትይኝ ይህንን መናገር አፈርኩ። ያንን ትእዛዝ ዩኒቨርሲቲ ከተማርኩት አስታውሼ ጻፍኩት። የምሞክርበት ማሽን አልነበረኝም። አንቺ የሰጠሽኝ ቁጥር 112 ነበር፤ 112 ፊቱ ላይ ዜሮ አያስፈልገውም። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ብጽፍልሽ ኖሮ ትፈትሺው ነበር። እርግጠኛ መስዬ ጻፍኩልሽ።

አሁን ንገሪኝ።

እንዳላማው


ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ እንዳላማው፣

ባለህበት የሚያጽናናህ አምላክ አይራቅህ። ደብዳቤህን ሥራ ቦታ ማንበብ ስላልቻልኩ ቤቴ ወስጄ አነበብኩት። ምንም እፍረት የለበትም። እውነቱን ልጻፍልህ።

ሐምሌ 5 ቀን እሑድ ነበር። አጎቴ ከቅዳሴ በኋላ አዲስ ጋቢ ለብሰው ወደ ኮምፒዩተር ክፍሉ መጡ። በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። «አጎቴ፣ ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል» ብላቸው «መምህሬ ፊት ነው የምገባ» ብለው ጻፉ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ እምቢ ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ቁጥር 1ን ከፈትኩ፤ ዝም አለ። ድምፁ የጠፋ መስሎኝ ሽቦውን ነካካሁ። 2ን ከፈትኩ። 3ን። 10ን። 50ን። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ። እስከ 99 ሄድኩ። ሁሉም ዜሮ ነው። 100ን ስከፍት የአባትህ የወጣትነት ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

ዓይናቸውን ገለጡ። «መምህሬስ?» ብለው ጻፉ።

መስመሩ ነው፣ ተበላሽቶ ነው አልኳቸው። ያንተን ስም አላነሳሁም። ድረ ገጹን ሞከርኩ፤ ከተዘጋ አሥራ ሁለት ቀን አልፎታል። ደብዳቤህ ፖስታ ቤት የገባው በማግስቱ ሰኞ ነው። ለቤተ መዛግብቱም ጽፌ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፤ ውሉ ስላለቀ ቅጂዎቹ ሁሉ ለአጥኚው ወራሾች ተመልሰዋል፣ የወራሾቹን አድራሻ ለመስጠት አልተፈቀደልንም ይላል።

ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም። 112ን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ቁጥር 1ን ከፍቼ ቢሆን አድራሻውን አይ ነበር። ከግንቦት 17 እስከ ሰኔ 23 ከአንድ ወር በላይ ነበረኝ፤ አንዱን ብከፍት እደርስበት ነበር። ቃል አክባሪ መስዬ አልከፈትኩም። ይህ ሌሊትና ቀን ይከነክነኛል።

አጎቴ ግን ከዚያ በኋላ እኔ ዘንድ ሰንብተው በየእሑዱ ወደ ክፍሉ ይመጡ ነበር። ከ100 ጀምሮ በተራ እናዳምጣለን። ቁጥር 117 ላይ ወጣቱ አንድ ቦታ ይስታል። ወዲያው ከጎኑ ወፍራም፣ ትንሽ የሻከረ የሽማግሌ ድምፅ «ድገም» ይላል። አጎቴ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። ወደ ኋላ መለስኩላቸው። «ድገም።» እንደገና ቀሰሩ። ጋሼ፣ ስንት ጊዜ እንደመለስኩት አላውቅም። ጺማቸው በእንባ ርሶ ነበር። እስከ 240 ሰምተን ስንጨርስ የመምህር አወቀ ድምፅ አሥራ አንድ ቦታ ተገኝቷል። አሥራ አንዱም ያችው አንዲት ቃል ናት።

እኔ «ሲቆጧቸው ብቻ ነው የተረፈው» ብዬ አዘንኩ። አጎቴ ግን ሰሌዳቸውን ስበው፣ «ቁጣ አይደለም። ተስፋ የቆረጠበትን ተማሪ፣ ተነሥና ሂድ፣ በሬህን ጥመድ ነው የሚለው። ለእኔ አሥራ አንድ ጊዜ ድገም አለኝ» ብለው ጻፉ።

ስላንተም የጻፉትን ልንገርህ። የየካቲቱን ደብዳቤህን አንድ ቀን ገልብጠው የምግብ ዝርዝሩን ሲያዩ ቆዩ። «ነጭ ወረቀት የሌለው ሰው ኮምፒዩተር አለው?» ብለው ጠየቁኝ። አጥፍተው ሌላ ጻፉ፤ «ባዶ እጁንም ቢሆን ይምጣ።» ይህንን አላጠፋሁትም። ሰሌዳዋ አሁን እኔ ቤት ግድግዳ ላይ ናት።

ከዚህ ጋር ሌላ የታሸገ ፖስታ አለ። አንተ አትክፈተው። አብሮህ ያገራችን ሰው፣ በዕድሜ ገፋ ያለ ካለ፣ ለእሱ ስጠው። ከሌለም እስኪገኝ አቆየው። አደራህን፣ ለብቻህ አትክፈተው።

እኅትህ ያለምወርቅ


ቤልጂየም፣ ኅዳር 21 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለያለምወርቅ፣

እግዜር ያጥናሽ። አንቺም አባት አጥተሻል።

የታሸገውን ፖስታ ገና ሳየው ገብቶኛል። መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር እኔም አውቃለሁ። ሰሌዳዋ ግድግዳሽ ላይ ናት ስትዪም አንብቤሻለሁ። ቢሆንም አልከፈትኩትም፤ እንዳልሽኝ አደረግኩ። እዚህ አቦይ ወልደ ሚካኤል የሚባሉ ኤርትራዊ ሽማግሌ አሉ። ለእሳቸው ሰጠኋቸው። አንብበው ኪሳቸው ከተቱት። ምሳ ላይ የራሳቸውን እንቁላል ወደ ሳህኔ አደረጉልኝ። በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ በሬን አንኳኩ። ከኋላቸው አምስት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለት ያገሬ ልጆች፣ ሁለት ጊኒዎች፣ አንድ ጆርጂያዊ። «ልጄ፣ ጋቢ ካለህ ልበስ» አሉኝ። የለኝም። የአልጋ ልብሴን አለበሱኝ። ከዚያ አባቴ ያረፉት መስከረም 26 ቀን መሆኑን ነገሩኝ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ጆርጂያዊው ከእኛ የማንንም ቋንቋ አያውቅም፤ ግን እሱም አለቀሰ። ጠባቂው መጥቶ ምን ሆናችሁ አለ። አቦይ «አባቱን እየቀበረ ነው» አሉት። በሩን ክፍት ትቶልን ሄደ።

ለአባቴ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ስላልነገርሻቸው አላመሰግንሽም፤ አልወቅስሽምም። እሳቸው ወረቀቴን ገልብጠው ካነበቡ ያንንም ሳያውቁት አልቀሩም።

የመመለሻውን ወረቀት ዛሬ ፈርሜያለሁ። ቀኑን ገና አልነገሩኝም። ባዶ እጄን ነው የምመጣው።

እስከዚያ አንድ ሥራ ልስጥሽ። ከመቶ ጀምሮ ያሉትን አንድ መቶ አርባ አንድ ቅጂዎች በሦስት ቦታ አስቀምጪ። አንዱን ዲማ ላኪው። ግን አስቀድመሽ እያንዳንዱን ክፈቺና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስሚው። የማን ተራ እንደ ሆነ አትጠይቂ፤ እኔንም አትጠብቂ። መቶ አሥራ ሰባት ላይ ስትደርሺ፣ ስለ እኔ አንድ ጊዜ ድገሚው።

ወንድምሽ እንዳላማው ወልደ ሩፋኤል